የአረፋ ካሴት

ድሮ፣ ስልክ እንደዛሬው በየሰዉ ኪስ ሳይገባ፣ ካርቱም የሚሠሩ የወሎ ሴቶች ለአረፋ በዓል ወደ አገር ቤት ካሴት ይልኩ ነበር። የመንዙማ ካሴት እንዳይመስላችሁ፤ ቪዲዮ ነው፣ ጡብ የሚያህለው ጥቁሩ። አሠሪዎች ለበዓል ወደ ትውልድ መንደራቸው ሲሄዱ ቤት እንድትጠብቅ የቀረችዋ ሴት ጓደኞቿን ትጠራለች። ካሜራ ያለው ሐበሻ ተፈልጎ ይመጣል። ከዚያ በተራ በተራ ሳሎኑ ውስጥ እየቆሙ ይቀረጻሉ። ቀሚሱ አንድ ነው፤ አንዷ አውልቃ ለሌላዋ ታቀብላለች። ወርቁም አንድ ነው፣ ለዚያውም ወርቅ ከሆነ። ከኋላቸው የሚቆመው ፍሪጅም ያው አንዱ ነው። ያ ፍሪጅ ስንቱን ቤተሰብ አኮራ! ደጋን ላይ፣ ሐርቡ ላይ፣ ከሚሴ ላይ ስንቷ እናት «የልጄ ፍሪጅ» እያለች ጎረቤቷን አስቀናች።

ነገሩ ደንብ ነበረው። ካሴት ላይ አይለቀስም። ታመምኩ፣ ተጣላሁ፣ ከሻ ያዘኝ አይባልም፤ ከሻ የሚሉት ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከየመንገዱና ከየቤቱ የሚያፍስበትን አፈሳ ነው። ክፉ ወሬ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ በሽማግሌ አፍ፣ በአካል ይነገራል እንጂ በማሽን አይላክም። አንዷን ዕንባ ካመለጣት ካሜራው ይቆማል፣ ክሩ ወደ ኋላ ይጠነጠናል፣ ፊቷን ታጥባ እንደገና ትስቃለች። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ቢታወቅ ኖሮ የሚባል ብዙ ነበረው።

ዘሊካ ያደገችው በእነዚህ ካሴቶች ነው። እናቷ ዛሂራ ወደ ካርቱም ስትሄድ እሷ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ እናት ማለት ለእሷ በዓመት አንዴ፣ ደጋን ከተማ ባለው ቪዲዮ ቤት፣ በሰው ትከሻ መሀል ተሹለክልካ የምታያት ሴት ሆነች። ሦስት ካሴት መጣ። ከሦስተኛው በኋላ የመጣው መርዶ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ቃላት ውስጥ ዘሊካ በልቧ የያዘችው አንዱን ብቻ ነው። በሁለተኛው ካሴት ላይ እናቷ «ዘሊካዬ ስታድግ ወደ እኔ ትምጣ» ብላለች። የሟች ቃል ነውና እንደ ኑዛዜ ያዘችው። አደገች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ፈታች፤ ከዚያም ልጇን ላሳደገቻት አያቷ ትታ እናቷ ወደሌለችበት ካርቱም መጣች። አል-ጣኢፍ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ ስትፈትግ ዓመታት አለፉ።

አሁን ደግሞ ተራው የልጇ የአብራር ነበር። አብራር ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል። የእመቤቷ እህት ሕፃን የምትይዝላት ልጅ እግር ትፈልጋለች፣ ዘሊካም ልጄ አለች ብላለች። ጦርነቱ ካርቱምን ሳይበትናት በፊት ባለው ዓመት ነው ይህ የሆነው፤ ያኔ ሰዉ ገና ወደ ከተማዋ ይመጣ ነበር እንጂ አይወጣም ነበር። አብራር ከአጎቷ ከአብዱልሰላም ቤት ተነስታ ከደላላ ጋር ወደ መተማ ልትጓዝ ቀን ተቆርጦላታል። ዘሊካ እንግዲህ ልጇን በምን ልቀበላት ብላ ስታስብ ካሴቶቹ ትዝ አሏት። አብራር አያቷን ዛሂራን አይታት አታውቅም። ስልክ ላይ ጭና ብታሳያትስ?

ካሴቶቹ እጇ የገቡት አምና፣ ያሳደገቻት አያቷ ስትሞት ነው። ከአያቷ ሳጥን ሥር በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልለው ተገኙ፤ ለከፈን የሚቆረጠው ዓይነት አቡጀዲ። ያኔ ነገሩ ለማንም ምንም አልመሰለውም። በሰው በሰው እየተቀባበሉ ካርቱም ደረሱ።

ጀብራ ውስጥ ስልክ የሚጠግንና የሐበሻ ሠርግ የሚቀርጽ ጃፋር የሚባል ሰው አለ። እዚያው ካርቱም ተወልዶ ስላደገ አማርኛው፣ እዚያ ሪክሻ እንደሚሉት አሮጌ ባጃጅ፣ ይንገጫገጫል። የሚሠራ የቪዲዮ ዴክ ግን ከእሱ ሌላ ያለው ሐበሻ አልተገኘም። ካሴቶቹን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ በመስኮታቸው በኩል ነጩን ሻጋታ አሳያት።

«ያ ኡኽቲ፣ ይሄ ካሴት ተዓባን ነው» አላት፤ እህቴ፣ ካሴቱ ደክሟል ማለቱ ነው። «አንደኛው ኸላስ፣ ሞቷል። ክሩ ተጣብቋል። ባወጣው ይቆረጣል። ሁለቱን ግን አጸዳለሁ፣ ወደ ፍላሽ አገባለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

የሞተው የመጀመሪያው፣ የእናቷ ፊት ያለበት ካሴት ነበር። በሁለቱ ላይ ኒቃብ ለብሳ ነው የቆመችው፤ የምሠራባቸው ሰዎች አጥባቂዎች ናቸው፣ ፊቴን ለካሜራ አልገልጥም ብላለች። አሁን እንግዲህ የቀረው ድምፅ ብቻ ነው።

«ድምፁ ጥሩ ይሆናል?» አለች።

«ድምፁን አንቺ ለእኔ ተይው። ሽሽ የሚለውን ሁሉ በኮምፒውተር አወጣለሁ። እናት ልክ ዛሬ እንደተናገረ ይሆናል» አላት።

ዘሊካ አመስግናው ወጣች። የእናቷን ድምፅ ለራሷ ብቻ፣ ያለ ቪዲዮ ቤቱ ጫጫታ ልትሰማው ነው። ሳምንቱን ሙሉ እቃ ስታጥብ እንኳ ፈገግ ትል ነበር፤ እመቤቷ ምን አገኘሽ ብላ እስክትጠይቃት ድረስ።

በሚቀጥለው ጁምዓ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ከሶላት በኋላ ተመልሳ ሄደች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ሪክሻ ውስጥ እያለች የአብራር መልእክት ገባላት። መተማ ደርሳለች። ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር አንድ ቤት አስቀምጠዋቸዋል፤ ነገ ጠዋት በጫካው በኩል ይሻገራሉ። ዘሊካ «የኔ ዓለም፣ እየጠበቅኩሽ ነው» ብላ መለሰችላት። ደስ ብሏት ነበር። ይህ አይካድም፣ በጣም ደስ ብሏት ነበር። ልጇን ካቀፈቻት ስንት ዘመኗ!

ጃፋር ግን እንደወትሮው አልቀለደም። ወንበር ሰጣት፣ በሩን ገርበብ አደረገ፣ ማራገቢያውን ወደ እሷ አዞረላት።

«ጸድቷል» አለ። «ግን ወላሂ አልወደድኩትም።»

ምስሉ መጣ። አረንጓዴ ቀሚስና ጥቁር ኒቃብ የለበሰች ሴት፣ ከኋላዋ ፍሪጁ፣ ከግራዋ የተዘጋ መጋረጃ። ጃፋር ሽሽታውን ሁሉ ስላወጣው ዝምታው ከባድ ነበር፤ ከሴትዮዋ በላይ ያለው ማራገቢያ እንኳ ያለ ድምፅ ይዞራል። ዘሊካ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እማ» አለች ሴትዮዋ።

ከዚያ ዝም አለች። ራሷን ወደ መጋረጃው ዘንበል አደረገች፣ ከጓዳ ስሟ እንደተጠራ ሰው። ቆየች። ቀና አለች።

«እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

እንደገና ዝም። እንደገና ዘንበል። መጋረጃው በትንሹ ተንቀሳቀሰ፣ ወይም የተንቀሳቀሰ መሰለ።

«ሥራው ቀላል ነው፣ ሰዎቹም ይወዱኛል።»

ዝም። ዘንበል።

ዘሊካ ይህን ካሴት በልጅነቷ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ እንዲህ መሆኑን ግን አላስተዋለችም ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሰዉ ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ዝምታውን የሚሰማው የለም። አሁን ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከመነገሩ በፊት አንድ ባዶ ጉድጓድ አለ።

«ምንድን ነው የምታዳምጠው?» አለች።

ጃፋር አንገቱን አከከ። «እኔም እሱን ጠየቅኩ። ከዚያ አሰብኩ። ምናልባት የሚሰማው ነገር ነበረ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ማሽኑ ትንሽ ድምፅ ሁሉ ቆሻሻ ይመስለዋል። ያልጸዳው አለኝ። ትሰሚያለሽ?»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት፣ ለራሱም ሌላ አደረገ።

መጀመሪያ ሽሽታው መጣ፣ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት። ከሽሽታው ሥር ሌላ ነገር ነበረ። ትንፋሽ። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ደረቅ፣ ቀጭን፣ ትንፋሽ ያጠራት የሴት ሹክሹክታ፦

«እማ።»

«እማ» አለች ባለ ኒቃቧ ጮክ ብላ።

«እኔ... ደህና ነኝ።»

«እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሹክሹክታው ይቀድማል፣ ባለ ኒቃቧ ትከተላለች፤ ቁርኣን እንደምትቀራ ሕፃን ከኋላ ከኋላ ትደግማለች። ያኔ ነው ሌላም ነገር የገባት። ይህን ጮክ ያለውን ድምፅ ታውቀዋለች። ሕፃን ሆና ሳይሆን አሁን፣ አዋቂ ሆና ታውቀዋለች። ባለፈው ሳምንት ማዮ በሚባለው ሰፈር ስኳር ጠፋ ብሎ ሲያማርር ሰምታዋለች። ዕድሜው ነው እንጂ የተለየው፣ የኻልቲ ኒዕማ ድምፅ ነው። ኻልቲ ኒዕማ የእናቷ ጓደኛ ናቸው፤ ካርቱም ስትገባ እንደ አክስት ሆነው የተቀበሏት፣ ሥራ ያስገቧት እሳቸው ናቸው።

እንግዲያው ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ማን እንደሆነች ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ዕድሜዋን ሙሉ እናቴ ብላ የወደደችው ድምፅ የሌላ ሰው ኖሯል። የእናቷ ድምፅ ጃፋር ቆሻሻ ነው ብሎ የጠረገው ነው።

«ዘሊካን አደራ» አለ ሹክሹክታው።

«ዘሊካን አደራ» አለች ባለ ኒቃቧ።

ትንፋሽ። ሳል። ከዚያ ሹክሹክታው ከበፊቱ ጠንከር ብሎ መጣ፦

«ወደዚህ እንዳትልኳት። ምንም ቢሆን እንዳትልኳት።»

ባለ ኒቃቧ ቀና አለች። ካሜራውን አየች። መጋረጃውን አየች። ዓይኖቿ ተርገበገቡ።

«ዘሊካዬ ስታድግ ወደ እኔ ትምጣ» አለች፤ በዓይኗም ሳቀች።

ዘሊካ ማዳመጫውን አላወለቀችም። አላለቀሰችም። «ሦስተኛውን» ብቻ አለች።

ጃፋር አመነታ። «እሱን ለብቻዬ ሰምቻለሁ» አለ። «ባትሰሚው ይሻላል።»

«አምጣው ብዬሃለሁ።»

ሦስተኛው የሚቀጥለው ዓመት አረፋ ነው። ያው ሳሎን፣ ያው ፍሪጅ፣ ያው ቀሚስ። መጋረጃው ግን ተሰብስቦ ታስሯል። ከኋላው ያለችው ትንሽ ክፍል ወለል ብላ ትታያለች። ግድግዳው ሥር የተጠቀለለ ፍራሽ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው የለም። ባለ ኒቃቧ ዘንድሮ ዘንበል አትልም፣ አትጠብቅም፤ በጥድፊያና ጮክ ብላ ነው የምትናገረው።

«እማ፣ እንኳን አደረሳችሁ!»

ሽሽታው ውስጥ፣ ከቃሏ ቀድሞ፣ እዚያው ቦታ፣ ያው ደረቅ ሹክሹክታ ነበረ።

«እንዳትልኳት።»

«እኔ በጣም ደህና ነኝ!»

«እንዳትልኳት።»

«ቤቱ ሰፊ ነው፣ ፍሪጁም ሥጋ አያጣም!»

«እንዳትልኳት።»

እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው። ሌላ ቃል የለውም፤ አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ አይለምንም። በእያንዳንዱ ደስታ ሥር ያቺ አንዲት ቃል ተኝታለች። ጃፋር ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ «አዑዙ ቢላህ» አለ፤ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ቆሞ ነበር።

«ምናልባት በአሮጌ ካሴት ላይ ነው የቀረጹት» አለ፣ ራሱም እንዳላመነ ያስታውቅበታል። «ያልጠፋ ድምፅ ይሆናል። ኡኽቲ፣ ላጥፋው? አንድ ጊዜ ብቻ ልጫን፣ ኸላስ ይጠፋል።»

«እንዳትነካው!» ብላ እጁን ያዘችው። «እንዳለ በስልኬ ጫንልኝ። ሽሽታውንም፣ ሁሉንም።»

ከዚያ ቀጥታ ወደ ማዮ ሄደች። ኻልቲ ኒዕማ በቆርቆሮ ጣሪያ አንዲት ክፍል ውስጥ ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ ነበር። ሲያይዋት ፊታቸው በራ።

«አህለን፣ ልጄ! አብራር ገባች?»

ዘሊካ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ሁለተኛውን ካሴት ነው የከፈተችው። ኒዕማ ትንሽ እንደሰሙ ስልኩን በእጃቸው ገፉት።

«ኤዲያ! ማነው ደግሞ ይሄን ከመቃብር የቆፈረው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ። ታዲያ ማን ይሁን? እናትሽ ታማ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ፊቷ ለካሜራ አይሆንም። ለአረፋ ካሴት ካልላክን ደግሞ ደጋን ምን ይላሉ? ሞታለች ይላሉ። እኔ ቀሚሱን ለበስኩ፣ ፊቴን ሸፈንኩ፣ እሷ ከፍራሿ ላይ ሆና ነገረችኝ፣ እኔ ደገምኩላት። በደንቡ ነው የሠራነው።»

«የመጨረሻውን ግን አልደገሙላትም።»

ኒዕማ ጉልበታቸውን ማሸት አቆሙ።

«ካሴት ላይ ክፉ አይባልማ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንዳትልኳት ብል አያትሽ ልጄ ምን ሆነች አትልም? በእኔ ቃል አሳመርኩት። ስታድግ ትምጣ አልኩ፤ ምን ክፋት አለው? ሰው ለልጁ እንዲህ አይልም ወይ?» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እናትሽ አኮረፈችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስክትሞት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ውኃ ስሰጣት እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች።»

ዘሊካ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሁለተኛው ካሴት የታየ ማግስት አያቷ ፍየል አሳርዳ ሰደቃ አውጥታ ነበር። ሰዉ ምክንያቱን ሲጠይቃት «እንዲያው ነው» አለች። ሦስተኛውን ለማየት ወደ ቪዲዮ ቤት አልሄደችም፤ እናንተ እዩት ብላ ቤት ቀረች። የወለደች እናት በኒቃብ ትታለላለች? መርዶ ነጋሪ እስኪመጣ ድረስ ለቅሶዋን እንደያዘች ቆየች እንጂ። ካሴቶቹ በከፈን አቡጀዲ የተጠቀለሉበት ምክንያትም አሁን ገባት።

«ሦስተኛው ሲቀረጽ እናቴ የት ነበረች?»

«ሞታ ነበር» አሉ ኒዕማ፣ ምንም ሳያስተባብሉ። «ረመዳን ሳይገባ ቀበርናት። ካሴት ማንም መንገደኛ ያደርሳል፤ መርዶ በአፉ የሚነግር ዘመድ ግን አጣን። በካሴት መርዶ አይላክም። ሰው እስኪገኝ ብዬ እንደገና ለበስኩ።»

ዘሊካ ሦስተኛውን ከፈተችላቸው። ኒዕማ ሰሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ስልኩን ግን እንደ ቅድሙ አልገፉትም፤ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«በአሮጌ ካሴት ላይ ቀረጻችሁት?» አለች ዘሊካ። እባክዎ አዎ ይበሉኝ የሚል ነገር ድምፅዋ ውስጥ ነበር።

«አዲስ ነበር። ላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ።» ኒዕማ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያን ለትም ሰምቻታለሁ፣ ልጄ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ሰምቻታለሁ። መጋረጃውን ያሰርኩት ማንም እንደሌለ ለማየት ነው። ዝም ባልኩ ቁጥር ትመጣለች። ለዚህ ነው ያን ያህል የጮህኩት።»

ዘሊካ ከኒዕማ ጋር ልትጣላ ነበር የመጣችው። መንገድ ላይ የሚነገረውን ሁሉ ደርድራ ነበር። አሁን ግን በምን አፏ? አል-ጣኢፍ ካለው ሳሎን ለአብራር ስንት ቪዲዮ ልካለች። እመቤቷ ስትወጣ ጠብቃ፣ የእመቤቷን ሽቶ ተቀብታ፣ ፍሪጁ አጠገብ ቆማ «ይኸው የእማ ቤት» ብላለች። ፍሪጁ ሁለት በር ሆነ እንጂ ደንቡ ያው ነው። ልጇን ያስነሳት እሱ ነው። ዘሊካ እናቷን ተከትላ መጣች፣ አብራር ዘሊካን ተከትላ ልትመጣ ነው፤ ሁለቱንም የጠራቸው ፍሪጅ ነው።

ደጅ ወጥታ በኢሞ ደወለች። ቀኑ ገና አልመሸም፤ የማዮ ልጆች አቧራው ውስጥ ኳስ ያሳድዳሉ። መስመሩ እምቢ አለ። ደግማ ደወለች። ከዚያ የአብራር ፊት መጣ፣ ጸጉሯን ለመንገድ አዲስ ተሠርታ፣ ከኋላዋ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ሌሎች ሴት ልጆች።

«እማዬ! ነገ ነው እኮ! ደላላው ውኃ ብቻ ያዙ ብሎናል።»

«አብራር፣ አትሻገሪ» አለች ዘሊካ። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ በፊት በጆሮዋ የሰማችው መሰላት። ዞር ብላ አላየችም።

«ምን?»

«አትሻገሪ። ለአጎትሽ እደውላለሁ፣ መጥቶ ይወስድሻል።»

«ሰዎቹ ተቀየሙሽ? ሥራው ቀረ? ያ ቤትሽ...»

«ቤቱ የእኔ አይደለም።»

አብራር ሳቀች፤ እናቷ የምትቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ የእናቷን ፊት ልብ ብላ አየችና ሳቋን አቆመች። ዘሊካ እያለቀሰች ነበር። በልጇ ፊት፣ ካሜራ ላይ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ ታለቅስ ነበር። ኻልቲ ኒዕማ በሩን ተደግፈው ወጥተው ሲያዩ ደነገጡ።

«ዝጊው! ልጅቷ እያየችሽ እኮ ነው! ግቢና ፊትሽን ታጠቢ፣ ከዚያ ትደውያለሽ፤ ያላ፣ ግቢ!»

ዘሊካ አልገባችም፣ ፊቷንም አልታጠበችም።

«እማ፣ የምትተኚው የት ነው?» አለች አብራር ቀስ ብላ።

«ጓሮ ነው። ውኃ ማጠራቀሚያው ሥር አንድ ክፍል አለች። መስኮት የላትም። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ እኔም ወለሉ ላይ ውኃ ረጭቼ እተኛለሁ። ፓስፖርቴ እመቤቷ ጋ ነው። ከጁምዓ በቀር ከግቢው አልወጣም። ከሻ በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር ነው የምገባው። ያሳየሁሽን ሶፋ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬበት አላውቅም። ሳጸዳው ነው የማውቀው።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እያንዳንዱ ነገር በቅደም ተከተል ይመጣላት ነበር፣ ከጀርባዋ ሆኖ አንድ ሰው ቀስ ብሎ የሚነግራት ይመስል፣ እሷም አንዱንም ሳታሳምር ደገመችው። መተማ ያሉት ልጆች ወሬያቸውን አቁመው ወደ ስልኩ ተጠጉ። አንዷ ከአብራር ትከሻ በላይ አንገቷን አስግጋ አፏን በእጇ ይዛ ታያት ነበር።

«እሺ» አለች አብራር። ድምፅዋ ሲያንስ የአራት ዓመት ልጅ መሰለች። «እሺ እማ፣ አልሻገርም። አጎቴን ጥሪልኝ።»

ዘሊካ ግድግዳውን ተደግፋ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። የሚባለው ሁሉ ተብሏል። ልጅ ድናለች። እናቷም፣ የት እንዳለች አላህ ያውቃል፣ ቃሏ ደረሰላት። ስልኩን ልትዘጋ ጣቷን ስታነሳ አብራር ዓይኗን ከእናቷ ላይ ሳትነቅል ጠየቀቻት።

«አንቺስ? እንዲህ ከሆነ አንቺ ለምን አትመጪም?»

ዘሊካ አፏን ከፈተች። ጠበቀች። ለዚህኛው ጥያቄ ከጀርባዋ ሆኖ ቃል የሚያቀብላት ድምፅ አልመጣም።